ጭራቁን ማን ፈራው?

ይቺን ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ከእኛ ሙያ ሰዎች አፍ በአደባባይ አትወጣም። አስፈሪ ልቦለድ የሚጽፉም፣ የሚያርሙም፣ የሚያሳትሙም ሰዎች ጭራቅ አዋቂን እንደማያስፈራ አሳምረው ያውቃሉ። ጥርሱ የሾለ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ፣ የመቃብር ድንጋይ ፈንቅሎ የወጣ ፍጡር አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ፊት ቢቆም ቢበዛ ፈገግ ያሰኘዋል። ሰውየው የቤት ኪራይ ደርሶበታል። እናቱ ስኳር አለባት። ትንሿ ልጁ ትናንት ማታ ስታተኩስ አድራለች። በዚህ ሁሉ ላይ ጭራቅ ሲጨመርበት «አንተ ደግሞ ምን ፈለግህ?» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

እንዲያም ሆኖ ሽፋኑ ላይ የምናወጣው ጭራቁን ነው። አከፋፋዩ የሚጠይቀን እሱን ነው፤ መጽሐፍ አዟሪውም ለአላፊ አግዳሚው ከፍ አድርጎ የሚያሳየው እሱን ነው፦ ጥቁር መደብ፣ ቀይ ፊደል፣ አንድ የራስ ቅል። የታመመች አሮጊት የተኛችበትን ክፍል ሽፋን ላይ ብናስል ማን ገንዘብ ያወጣበታል? ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሮጊቷ ክፍል ነው።

እኔ አርታዒ ነኝ። የሰው ረቂቅ አነባለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ከደራሲው ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከጓዳ ሆኜ እንዳየሁት ከሆነ፣ አዋቂ አንባቢ መብራት ማጥፋት የሚያስፈራው ባለታሪኩ አንድ የማይባል ነገር ሲመኝ እሱም አብሮ ሲመኝ ራሱን የያዘ ጊዜ ነው። ልጅ አልጋ ሥር ያለውን ይፈራል። አዋቂ አልጋ ሥር ምንም እንደሌለ ጎንበስ ብሎ አይቷል፤ የሚያሰጋው በሩን የሚከፍተው እሱ ራሱ እንዳይሆን ነው። የእኛ ሥራ ያንን በር ማበጀትና ቁልፉን በአንባቢው እጅ ማስያዝ ነው።

ረቂቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዘው ድንጋጤ ነው። መብረቅ፣ ሲጥ የሚል በር፣ ከጨለማ ዘሎ የሚወጣ ድመት። ፊልም ላይ ይሄ ይሠራል፤ ድምፁ ይጮኽና ሰው ከወንበሩ ይዘላል። ወረቀት አይጮኽም። ቀጥሎ ደሙ ይቀነሳል። አንዲት ጠብታ ነጭ ነጠላ ላይ ብታርፍ ሰው ያያታል፤ በባልዲ ሲደፋ ግን አንባቢው ቄራ የገባ ይመስለዋል። ከዚያ ቅጽሎቹ፦ አሰቃቂ፣ ዘግናኝ፣ ሰቅጣጭ። ደራሲው እነዚህን የሚደረድረው ብዙውን ጊዜ ገና ራሱ ስላልፈራ ነው።

በቦታቸው የሚገባው ተራ ነገር ነው። ያልተከፈለ የመብራት ሒሳብ፣ ክዳኑ የጠፋ ብረት ድስት፣ ነገ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ባልና ሚስት የሚያነሱት ጭቅጭቅ። እንግሊዛዊው ኤም አር ጀምስ ይህ ቀድሞ ገብቶታል። ሰውየው የጥንት ብራና ሊቅ ነበር፤ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ውስጥ በገና ሰሞን ወዳጆቹን ሰብስቦ በሻማ ብርሃን የመናፍስት ታሪኮቹን ያነብላቸው ነበር። የመጀመሪያ መድበሉ በ1904 ወጣ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በ1911 ለወጣው ሁለተኛ መድበሉ በጻፈው መቅድም ላይ፣ አንባቢው ካልተጠነቀቀ በእሱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል ሊሰማው ይገባል ይላል። ሞክሼው ሄንሪ ጀምስ ደግሞ በ1898 ካወጣው «ዘ ተርን ኦቭ ዘ ስክሩ» ዐሥር ዓመት ቆይቶ በጻፈው መቅድም ምስጢሩን አወጣ፦ ደራሲው ክፋቱን ከሚዘረዝር አንባቢው ራሱ እንዲያስበው ያድርገው። በእኛ መካከል ይቅርና ይሄ ጥበብም ነው፣ ስንፍናም ነው። አንባቢው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ያህል እኛ ስለማናውቅ ሥራውን ለእሱ እንተውለታለን፤ ክፍያውን ግን እኛ እንቀበላለን።

ወደ ምኞቱ ልምጣ። ደብልዩ ደብልዩ ጃኮብስ የሚባል የለንደን ደራሲ ነበር። አባቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ማራገፊያ ኃላፊ ስለነበሩ ያደገው ወደብ አካባቢ ነው፤ የታወቀውም ስለ መርከበኞችና ስለ ወደብ ሰዎች በሚጽፋቸው አስቂኝ ታሪኮች ነበር። በ1902 ያወጣት «የጦጣዋ መዳፍ» ግን ከቀልዶቹ ሁሉ በላይ ዕድሜ አገኘች። ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ ነው። ከህንድ የተመለሰ ወታደር የደረቀ የጦጣ መዳፍ ይዞ ወዳጆቹ ቤት ይመጣል፤ ይህ መዳፍ ሦስት ምኞት ይፈጽማል ይላቸዋል። የቤቱ አባወራ ምን እንደሚመኝ ግራ ይገባዋል፤ ምንም የጎደለው አይመስለውም። ልጁ እየሳቀ ሁለት መቶ ፓውንድ ለምን አይለምንም ይላል፤ የቤቱን ዕዳ ልክ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጃኮብስ ወርቅ አላስመኘም፣ ዙፋንም አላስመኘም። ያስመኘው የቤት ዕዳ መክፈያ ነው። ዕዳ ያለበት አንባቢ ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ሳይታወቀው እጁን መዳፉ ላይ አሳርፏል። በማግስቱ ልጁ ከሚሠራበት ድርጅት መልእክተኛ ይመጣል። ልጁን ማሽን ይዞት ገድሎታል። ድርጅቱ ኃላፊነት የለብኝም ይላል፤ ልጁ ስላገለገለው ግን ለቤተሰቡ ካሣ ልኳል። ካሣው ሁለት መቶ ፓውንድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሌሊት ለሙያተኛ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከሞተ ዐሥር ቀኑ ነው። እናትየው በሌሊት ተነስታ ባሏን ልጃችን ይመለስ ብለህ ተመኝ ብላ ትይዘዋለች። ባልየው ሬሳውን አይቷል፤ ልጁን የለየው በልብሱ ብቻ ነበር። ይመኛል። ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ይንኳኳል። እናትየው እየሮጠች ትወርዳለች፤ የታችኛውን መቀርቀሪያ ትከፍታለች፣ የላይኛው አልደርስላት ይላል፣ ወንበር ትጎትታለች። ባልየው በጨለማ ወለሉን እየዳሰሰ መዳፉን ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ምኞት አልተነካም። ጃኮብስ ከበሩ ወዲያ ያለውን በአንዲት ቃል እንኳ አይገልጸውም። በሩ ሲከፈት የሚታየው ባዶ መንገድና የመንገድ መብራት ነው።

ወጣት ደራሲዎች ይህን ሲያነቡ የሚያደንቁት የመጣውን አለማሳየቱን ነው። እኔ የማደንቀው ወንበሩን ነው። ልጅ ያለው ሰው ያንን ወንበር አብሮ ይጎትታል፤ ደጅ የቆመው ማሽን የበላው፣ አፈር ውስጥ የከረመ አካል መሆኑን እያወቀ ይጎትታል። ወዲያው ደግሞ ባልየው መዳፉን ሲያገኝ እፎይ ይላል፤ በዚያችው እፎይታ ልጁን መልሶ ቀብሮታል። በግማሽ ገጽ ውስጥ ሁለቱንም ያደረገው አንባቢው ነው፤ ጃኮብስ ንጹሕ እጁን ታጥቦ ወደ ቀልዱ ተመልሷል።

ምኞቱ ከጃኮብስም ይቀድማል። ሜሪ ሼሊ በ1815 ያለ ቀኗ የተወለደች ሴት ልጅ ሞተችባት። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንድ ሕልም አሰፈረች፦ ሕፃኗ ለካ በርዷት ኖሯል እንጂ አልሞተችም፤ እሳት ዳር አድርገው ሲያሿት ነፍስ ዘራች። ከዚያ ነቃች። በተከታዩ ዓመት ጄኔቭ ሐይቅ ዳር፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለች፣ «ፍራንከንስታይን»ን ጀመረች፤ በ1818 ታተመ። መጽሐፉ ስለ ሳይንስ ትዕቢት ነው ይባላል፤ ነውም። እኔ ባነበብኩት ቁጥር ግን ያቺ የበረዳት ሕፃን ትመጣብኛለች።

አሁን ወደ እኛው ጓዳ። አንዲት ደራሲ፣ ስሟ ይቆየን፣ ረቂቅ ይዛ መጣች። ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቅየዋ ልጅ አላገባችም፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷን ታስታምማለች። ወንድሟ ዱባይ ነው። በየወሩ ብር ይልካል፤ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውልና «እማዬን አደራ» ይላል። ሊፍት የለም፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የአዋቂ ዳይፐር ዋጋ በተገዛ ቁጥር ጨምሮ ይጠብቃታል። አንድ ምሽት አንሶላ አጥባ ስትጨርስ እጇን እያደረቀች «አምላኬ፣ በቃ ገላግላት» ትላለች። ለእናቷ ይሁን ለራሷ የለመነችው እሷም አልለየችውም። እኩለ ሌሊት ላይ ከወዲያኛው ክፍል ድምፅ ይመጣል፤ «ውሃ»። ትሰማለች። ይደገማል። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ትስባለች። ይሠለሳል። ጠዋት እናቷ ሞታለች።

በመጀመሪያው ረቂቅ ከዚህ በኋላ እናትየው ትመለሳለች። ከፈኗን ለብሳ ደረጃውን ትወጣለች፣ ከቧንቧ ደም ይወርዳል፣ መስታወት ይሰነጠቃል፣ መጨረሻ ላይ አንድ መነኩሴ መጥተው ጠበል ይረጫሉ። የመጽሐፉ ግማሽ ይሄ ነበር። ሁሉም ወጣ። ደራሲዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ስልኬን አላነሳችም።

ለምን ቆረጥከው በሉኝ። እኛ አገር መንፈስ መኖሩን ከልቡ የሚያምን አንባቢ ብዙ ነው፤ ደራሲዎች ታዲያ ይህ ሥራቸውን ያቀለለላቸው ይመስላቸዋል። ተገላቢጦሽ ነው። መንፈሱን የሚያምን ሰው መድኃኒቱንም ያምናል። አንዱ ጠበል ይላል፣ አንዱ ቁርአን ያስቀራል፣ አንዱ የጸሎት ወንድሞችን ይጠራል። ባለታሪኩ ይህን ሁሉ ትቶ ሃምሳ ገጽ ሲንከራተት አንባቢው መፍራቱን ትቶ ይናደዳል፤ «ምን ሆነው ነው ጠበል የማይወስዷት?» ይላል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚጻፈው የመናፍስት ታሪክ ጉልበት የሚያገኘው በአብዛኛው ከማያምን ባለታሪክ ነው፤ ያ ባለታሪክ ወደ አማርኛ እንዳለ ሲገለበጥ ዝም ብሎ ግትር ሰው ይሆናል። እኛ ጠበል የማይደርስበትን ቦታ መፈለግ ነበረብን። ያገኘችው ራሷ ደራሲዋ ናት።

በአዲሱ ረቂቅ ልጅቷ ጠዋት እናቷን ስታገኛት አትጮኽም። ወጥ ቤት ትገባለች። በብርጭቆ ውሃ ትቀዳለች፤ ግማሹን ራሷ ትጠጣለች፤ የቀረውን ከእናቷ ራስጌ ታስቀምጣለች። ወጥታ ጎረቤት የምትጣራው ከዚያ በኋላ ነው። የእድር ጡሩምባ ይነፋል። ለግንዘት የገቡት አሮጊት የሟችን ክንድ ሊያስተካክሉ ይሞክሩና እምቢ ሲላቸው፣ ይቺ ሴት የሞተችው ገና ሲመሽ ነው ይላሉ። ብርጭቆውን ያዩታል። ልጅቷን ያዩዋታል። ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማታ ወንድሟ በቪዲዮ እያለቀሰ የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር ብሎ ይጠይቃታል። «መርቃሃለች» ትለዋለች።

ሌሊት የተጣራው ማን እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ረቂቁን ለጥቂት ሰዎች አስነብበን ነበር፤ የተለመደ ነው፣ ሁሉም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚያደርገው ነው። ወላጅ አስታመው የማያውቁት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ ማን ነበር የተጣራው? ያስታመሙት ስለ ድምፁ አንዳቸውም አላነሱም። ያወሩት ስለ ብርጭቆው ነበር። አንዷ፣ ጠንካራ የምትባል የባንክ ሠራተኛ፣ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ይህን ማን ነገራችሁ?» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም። ያኔ ለደራሲዋ ደውዬ አለቀ፣ አትንኪው አልኳት።

እዚህ ላይ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሸርሊ ጃክሰንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ዘ ሎተሪ» የተባለችው አጭር ልቦለዷ ሰኔ 26 ቀን 1948 በኒው ዮርከር መጽሔት ወጣች። አንድ ጸጥ ያለ የአሜሪካ መንደር ሕዝብ በየዓመቱ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የደረሰው ሰው በጎረቤቶቹና በቤተሰቡ በድንጋይ ይወገራል፤ ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ለመድረስ ይቸኩላል። በዚያ የሰኔ ማለቂያና በተከታዮቹ ወራት ጃክሰን ከ300 በላይ ደብዳቤዎች ደረሷት። ብዙዎቹ ስድብና ግራ መጋባት ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ይህ ዕጣ የሚወጣው የት እንደሆነና ሄደው ማየት ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። ከልቦለዷ ይልቅ እኔን የሚያስፈሩኝ እነዚህ ናቸው። ጃክሰንም ስለ ደብዳቤዎቹ በኋላ ንግግር አዘጋጅታ በየመድረኩ ማቅረቧ የነገሩ ክብደት ስለገባት ይመስለኛል።

ስቲቨን ኪንግን ሰው ሁሉ የጭራቅ ነጋዴ አድርጎ ያውቀዋል፤ እሱም ገበያውን አይጠላም። ግን የሸጠው ሌላ ነገር ነው። በ1974 ኮሎራዶ ውስጥ ኢስተስ ፓርክ በሚባል ቦታ ስታንሊ ሆቴል ገባ። ሆቴሉ ለክረምቱ ሊዘጋ ስለነበር እሱና ሚስቱ ብቻቸውን ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ያረፉትም ክፍል 217 ነው። «ዘ ሻይኒንግ» ከዚያ ወጣ፣ በ1977። አባትየው መጠጥ ያቆመ ሰው ነው፤ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት በንዴት የትንሽ ልጁን ክንድ ሰብሯል፤ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሳ ከራሱ ጋር ይታገላል። ሆቴሉ የሚያደርገው ያንን እጅ መጠበቅ ነው። ኪንግ ራሱ ጠጪ ነበር፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ስለ ራሱ መጻፉን አላወቀም ነበር፣ በ2000 ስለ አጻጻፍ ባወጣው መጽሐፍ ተናዞታል። ዳይሬክተሩ ኩብሪክ በ1980 ፊልም ሲሠራው ኪንግ ያልወደደለት አንዱ ነገር አባትየው ከመጀመሪያው ያበደ መምሰሉ ነው። ኪንግ ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ፊልሙ ድንቅ ቢሆንም። ያበደ አባት የሌላ ሰው አባት ነው። ልጁን የሚወድ፣ ማታ ማታ ይቅርታ የሚጠይቅ አባት ግን በየቤቱ አለ።

ኪንግን ራሱን ያስፈራው መጽሐፍ የቱ ነው ብትሉ፣ «ፔት ሴማታሪ» ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሜይን ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሄዶ ኦሪንግተን ውስጥ ቤት ተከራየ። ደጁ ከባድ መኪና የሚበርበት መንገድ ነው። መንገዱ የሰፈሩን እንስሳት ስለሚፈጅ ልጆች ከጓሮው ወዲያ ውሻና ድመት የሚቀብሩበት ቦታ አበጅተው ነበር። የሴት ልጁም ድመት ተገጨችና እዚያ ተቀበረች። በሌላ ቀን ትንሹ ወንድ ልጁ ወደዚያው መንገድ ሮጠ። ተረፈ። ኪንግ ቁጭ ብሎ ባይተርፍስ የሚለውን ጻፈው።

ባለታሪኩ ሐኪም ነው፤ ሞት ሞት እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው። የተቀበረበት ሁሉ የሚነሳበት ምድር እንዳለ ጎረቤቱ ያሳየዋል፤ የሴት ልጁን ድመት ቀብሮ አይቶታል፤ የተነሳው ድመቱ እንዳልነበረም ያውቃል። እንግዲህ የእጅ ሥራውን ልብ በሉ። ኪንግ የሕፃኑን ሞት አይደብቅም። አባትና ልጅ ካይት የሚያበሩበት ደስ የሚል ቀን አለ፤ እዚያው መሐል ልጁ ሁለት ወር ያልሞላ ዕድሜ እንደቀረው ደራሲው በግልጽ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ሁሉ እየተቆጠረ ነው የሚነበበው። ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ደግሞ የባሰውን ያደርጋል፦ አባትየው ለጥቂት ገጾች ልጁን ከመንገዱ ዳር ሲይዘው፣ ልጁ ሲያድግ፣ ኦሊምፒክ ላይ ሲዋኝ ያሳየንና ቀስቅሶ ወደ ሐዘኑ ቤት ይመልሰናል። ያቺን ሕይወት ቀምሶ የተነጠቀ አንባቢ አባትየው አካፋ ይዞ በሌሊት ሲወጣ ተው አይለውም። ወላጅ ከሆነ መንገዱን ያበራለታል። እኔ አበርቻለሁ።

ኪንግ ረቂቁን ጨርሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከልክ አልፌያለሁ ብሎ ነው፤ ሚስቱም አልወደደችውም። በ1983 የወጣው ከቀድሞ አሳታሚው ከደብልዴይ ጋር የነበረውን ውል ለመዝጋት አንድ መጽሐፍ ማስረከብ ስላስፈለገው ነው። ይህን የምነግራችሁ ለሐሜት ብቻ አይደለም። በእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ደራሲ አስፈሪ ታሪኩን እየሳቀና እጁን እያወናጨፈ ሲተርክልኝ ቡናዬን በእርጋታ እጠጣለሁ። አንድ ሌላ የጻፍኩት ነበረ፣ ግን ይቅር ያለኝ ቀን ነው ብዕሬን የማወጣው።

እንዲህ ያለኝ አንድ ሰው አለ። ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ የሚጽፈው በአብዛኛው ቀልድ ነው፣ አንዲት ልጅ አለችው። ረቂቁን ያነበበችው ሚስቱ ብቻ ናት፤ በስልክ ስጠይቃት ስለ አየር ጠባዩ አወራችኝ። እሱን ስወተውተው «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትግባና እሰጥሃለሁ» ይላል። ልጁ ስድስት ዓመቷ ነው። ውሉን ከአሁኑ አስጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ የእሱ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።